ጭልፋ

ገና ኸሪፍ ሳይገባ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣
አል አሽኸራ ተኝታ፣ አፏን ከፍታ እንደ ዓሣ፣
ኸልፋን ይጀምራል።

እኔ ልብስ ሳሰጣ፣ እሱ ድንጋይ አቅፎ
ከገንዳው ወለል ላይ ይራመዳል አርፎ።
የኔ ሥራ ይኸው፦ የእናቱን ጭልፋ
ይዤ ከገንዳው ዳር፣ ሰዓቱ ሲገፋ
በየአሥር ሰከንዱ ቧንቧውን መምታት።
«በጆሮ አይደለም» ይላል፣ «በጥርሴ ነው የምሰማት።»

አሥራ አራት ስመታ
ፊቱ ቀይ ሽንኩርት መስሎ ብቅ ይላል በዝግታ፤
ያስላል፣ ይስቃል፦
«ነገ አንድ ጨምሪ።»

ደሞ ማታ ማታ፣ ስልኩን ከሩዙ ሳህን አስደግፎ
ያያል የነፋሱን ካርታ፣ የቀለሙን ሰልፍ፤
ከሶማሌ ጠረፍ ተነሥቶ የሚመጣ፣
ሦስት ቀን ተጉዞ እዚህ የሚቆጣ።
ቦርዱን ሰም ይቀባል። የእግሩን ገመድ ይስባል።
የሚነፋ ሰደርያው ውስጥ የጋዝ ቀለሃ ይቆጥራል።
ያዕቁብ ከደጅ፣ ጄትስኪውን ፈታቶ፣
ካንዴላ ይለውጣል ክንዱ ዘይት ጠጥቶ።
እናቱ ሸምሳ ግን ባሕሩን አታይም፤
ባሏ የሄደበት መስኮት አይከፈትም።

«ስወድቅ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ?» አለኝ፣
የማጠቢያ ማሽኑን መስታወት እያሳየኝ፦
«ያቺን ካልሲ እያት። ትዞራለች እንጂ
አትታገልም።»
ዝም አልኩ።
ከኦቦክ ስንሻገር፣ በዚያ ሌሊት፣ በዚያ ጀልባ፣
ካልሲ መሆን የሚያስተምር ሰው አብሮን አልገባ።
ቆጣሪም አልነበረን።

በሐምሌ አጋማሽ ጭጋጉ ወረደ፣
ባሕሩ እንደ ግንብ ቆመና ተናደ።
ከጣሪያው ላይ ነበርኩ፣ እርጥብ አንሶላ በእጄ፤
አንዲት ጥቁር ነጥብ ከግንቡ ጫፍ
ወርዳ፣ ወርዳ፣
ጠፋች።

ጭልፋው ከሽርጤ ኪስ ነበር።
መታሁት የውኃውን ታንከር።
አንድ።
ሁለት።
አይሰማም፤ አውቃለሁ። መንገድ አለ በመሃል፣
ጄኔሬተር አለ፣ ነፋሱም ይጮሃል።
ሦስት። አራት።
ሸምሳ ከታች፦ «ምን ሆነሻል አንቺ?»
አምስት።
አንሶላው አመለጠኝ፣ ወደ ጎረቤት በረረ።
ስድስት። ሰባት። ስምንት።
ዘጠኝ ላይ አንድ ብርቱካን ነገር ተንሳፈፈ፣
ያዕቁብ ዞሮ አፈፈ።

ማታ፣ ጨው ቅንድቡ ላይ ደርቆ፣ ሩዙን እየጎረሰ፣
«ሰባተኛው ላይ ወጣሁ» አለኝ፣ ጥርሱን በጣቱ ዳሰሰ።

ዘጠኝ ነበር። አልነገርኩትም።

ጭልፋው ጎብጧል፤ ሾርባ አይቀዳም።
ሸምሳ ሁለት ሪያል ሰጠችኝ፣ «አዲስ ግዢ» ብላ።
ገና አልገዛሁም።