የነፊው ትንፋሽ

ኖቪ ቦር ላይ ነው፣ ቼክ አገር፣ ከተራራው ግርጌ፣
በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ የቆዳ ሽርጥ አድርጌ፣
እቶን ፊት የቆምኩት።
ጌታዬ ኦታካር ነበር፣ ብርጭቆ ነፊው፣
ጉንጩ እንደ ወናፍ ሰፊው።

ከነበልባሉ ውስጥ፣ በረጅሙ ቱቦ፣
ቅልጡን ይጠቀልላል፣ እንደ ማር ስቦ፤
ከንፈሩን ያስጠጋል፣ ጉንጩን ይወጥራል፣
የሕፃን ቁስል እፍ እንደሚባል፣ በስሱ ይጀምራል፤
እሳቱ ሆድ ያወጣል፣ ያረግዛል፣ ይከብዳል፣
የሰውዬው ትንፋሽ ብርሃን ለብሶ ይወለዳል።

ፕራግ ላይ፣ ቪየና ላይ፣ በሰርግ ገበታ፣
ወይን ሲቀዳበት፣ ሲጋጭ በደስታ፣
አፍንጫውን የያዘ የለም፣ ለአንድ አፍታ።

ግን ያው ሰው ሲያወራ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ይበዛበታል፤
አንዱ “ወበቀ” ብሎ መስኮቱን ይከፍታል፤
አንዱ፣ እጁ ላይ ያለ ቁልፍ፣ ድንገት ይጠፋበታል፤
ሚስቱ ድራሆሚራ፣ ደግ ሴት፣ ዝምተኛ፣
ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የምትተኛ።
እኔስ? እኔ ቪቴክ፣ የሚያምነኝ ተማሪው፣
ቱቦውን ሲያቀብለኝ ጫፉን በእጅጌዬ እጠርጋለሁ፤
አንዴ ለወጉ ነው፤
ሁለተኛውን ዞር ሲል ጠብቄ እደግማለሁ።

አንድ ቀን ዞር አላለም።
“ምንድን ነው ቪቴክ?”
“አመድ ነው ጌታዬ፣ ትንሽ አመድ አለበት።”
ያ አመድ እስከ ዛሬ ከምላሴ አልወረደም፣
ስንት ውኃ አፍስሼበት።

የገዛ አፍን ሽታ አፍንጫ ለምዶታል፤
ጎረቤት ያውቀዋል፣ ባለቤት ስቶታል።

የነገረችው ሉድሚላ ናት፣ ብርጭቆ ቆራጯ፣
ጆሮዋን መሳያው የበላው፣ ከሞተር በላይ ነው ድምጿ፤
“ኦታ!” አለች፣ ሁላችን ፊት፣ “አፍህ ይሸታል፣ ሐኪም ይየው!”
“የጫማህ ክር ተፈቷል” እንደማለት፣ እንዲያ ነበር ቃናው።
ከዚያ እቶኑ ብቻ ነበር የሚያጉረመርመው።

እሳት ፊት የሚውል ሰው መቅላቱ አይለይም፤
ያን ቀን ግን ለየን።
የእጁን አንጓ ላሰ፣ እስኪደርቅ ጠበቀ፣
አሸተተው፤ አወቀ።
የሠላሳ ዓመት መስኮት፣ የሠላሳ ዓመት ቁልፍ፣ የሠላሳ ዓመት ግድግዳ፣
አንዲት አንጓ ላይ ደረቀ።

ሐኪሟ ሻርካ፣ ገና ልጅ፣ አፉን በመብራት ጎበኘች፤
“እርግማን አይደለም” አለች፣ “ምክንያቱን አገኘሁት” አለች፤
“እሳት ፊት ስትውል ምራቅህ ይደርቃል፤
ምራቅ ያልዞረበት አፍ ያልተጠረገ ደጅ ይሆናል።
ምላስህ ከኋላው ነጭ ምንጣፍ አንጥፏል፣ በቀስታ ፋቀው፤
ድድህ ሥር የጠጠረውን እኔ ላውልቀው፤
በጥርስህ መሐል ግን፣ ማታ ማታ፣ ክሩን አንተ ሳበው።
ሚንት ከረሜላውን ተው፣ ቆሻሻ ላይ ሽቶ ነው።
ውኃ ጠጣ። ከቢራው በፊት። ከቢራውም በኋላ።”

በአንድ ሌሊት አልሆነም። ወራት ፈጀ።
ድራሆሚራም ቶሎ አልዞረች፤
ጎኗ ግድግዳውን ለምዶ፣
ፍቅር ሳይሆን ልማድ ከብዶ።
እሱ ግን ከዚያ ወዲህ፣ እስከ ሞተበት ቀን፣
ቱቦውን ሳያቀብለኝ በፊት ራሱ ይጠርገው ነበር፤
ሁለቴ፤ እያየኝ፤ ሳይናገር።

አንድ ኳስ ትቶላታል፣ እሱ የነፋው፣ አፉ ተደፍኖ የታሸገ፤
ትንፋሹ ውስጡ ነው።
አልጋዋ አጠገብ፣ መስኮቱ ላይ ሰቅላ፣
አሁን ወደዚያ ዞራ ነው የምትተኛው።

እኔም አረጀሁ። ትናንት ተማሪዬ ዝደንካ
ቱቦዬን ተቀብላ ጠረገች፤ ሁለቴ።
“አመድ ነው?” አልኳት፣ ደንግጦ አንጀቴ።
“አይደለም፣ አፍዎ ነው” አለች፣ ዓይኔን እያየች።
ልመርቃት አፌን ከፈትሁ፤
ቆም አልሁና፣
መጀመሪያ ውኃ ጠጣሁ።