ጠሪው የሚያውቀው ስም

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሄልተርማ ወደብ ላይ
አንድ የወተት ቦቴ ቀርቷል መንገድ ሲያይ።
መርከቡ እዚያው ነው፣ መወጣጫው ወርዷል፤
ፕሮግራሙ ብቻ ደርቆ ተገትሯል፦
«ክብደት የሚባል አላውቅም» ይላል።

ኬርቱ ታሊን ላይ፣ ስልክ ቀስቅሷት ነቅታ፣
ኮዱን ታበጥራለች የጓዳ መብራት አብርታ።

ወላጁን ክላስ፣ «መርከብ»ን፣ የጻፈው ኡርማስ ነው፤
ከሃያ ዓመት በፊት፣ በሁለት ጣት እየተየበ፣
«ጫን» የሚለው ሜተድ የሚቀበለውን ቁጥር
«ክብደት» ብሎ ሰየመ።
ልጁን፣ «የበረዶ መርከብ»ን፣ የጻፈችው እሷ ናት።
ዓይነቱን አልነካች፣ ተራውን አልነካች፣
ስሙን ብቻ «ጭነት» አለችው፤
«ክብደትማ የምን? የሰው? የብረት? የጥጥ?
ጫን ከተባለ ጭነት ነው» ብላ፣
በቃሏ ኮርታ።

በተራ ለጠራው ሁሉ ልጁ ሲመልስ ከረመ፤
ቀድሞ የመጣውን ቁጥር ቀድሞ ይቀበላል፣
ስም ማን ይጠይቃል?
ዛሬ ግን ባሕሩ ረጋና
የክረምቱ መርሐ ግብር ሥራ ጀመረ።
እሱ ደግሞ ጠንቃቃ ነው፣ በስም ነው የሚጠራ፦
«ጫን፤ ክብደት፣ ሃያ ስምንት ቶን።»
የሚያውቀው ወላጁን ነው፤
ዛሬ ማታ በሩን የሚከፍተው ልጁ መሆኑን
በምን ይወቅ?

ኡርማስ ጋ ደወለች። ጡረተኛ እንቅልፍ የለውም።
«ቃልሽ ከቃሌ ይሻላል» አላት፣ ሳያንገራግር፤
«ግን ስም የባለቤቱ መስሎሻል?
ስም የጠሪው ነው።»
ጥቂት ዝም አለና፦
«እኔም ብሆን አላወጣሁት።»

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንል የለ እኛ?
የዚህኛው ስም መልአክ ማይሙ ኖራለች፣
የወደቡ ሚዛን ላይ የምትቆመው፤
ጓንቷን በጥርሷ ስባ አውልቃ
ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ክብደት» ብላ በጠመኔ የምትጽፈው።
ሾፌሮቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው
የሚጠይቋት በዚያው ቃል ነበር።

ኬርቱ በሩ ላይ የወላጁን ስም መለሰች።
የራሷን ግን አልጣለችውም፤
ወደ ውስጥ፣ ከውጭ ማንም ወደማይጠራበት ጓዳ
አስገብታ አኖረችው፣ በመጀመሪያው መስመር፦
ጭነት ማለት ክብደት ነው።

ቦቴው ተሻገረ።
ባሕሩ እንጂ የረጋ፣
ወተቱ አልረጋም።