ምንም የለብሽም

ሦስት ሐኪሞች አዩኝ፤ ደሜን ቀዱ፣ ፎቶ አነሱኝ፤
«ምንም የለብሽም» ብለው በፈገግታ መለሱኝ።
ያ «ምንም» ታዲያ
ከትከሻዬ ተነስቶ ዳሌዬ ላይ ሲያድር፣
ጣቶቼን አንድ በአንድ ሲቆጥር፣
ሲነጋ ጉልበቴ ሥር እንደ ባለዕዳ ሲደበቅ፣
ማን ብዬ ልክሰሰው? በማንስ ስም ልጠይቅ?

በሃምሳ ሁለቴ ነው። የወር አበባዬ በረገፈ ዓመት።
አበባ ሲረግፍ ፍሬ ይጠበቃል፤ የኔ ፍሬ እሳት፣
ከደረት ተነስቶ አንገት የሚያጠምቅ፣
ከእሳቱም ኋላ ጡንቻ የሚያደቅ
ሕመም ነው ያፈራሁት፣ ቅርንጫፍ ሙሉ፤
መች እንደሚበስል አይታወቅ ውሉ።

ኤድመንተን፣ በጥር፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ፤
እኩለ ሌሊት ላይ መስኮት ልከፍት ስነሳ
ዘውዱ የሱፍ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ
«ክፈቺው» ይለኛል፣ ከብርድ ልብስ ሥር ተሰብስቦ።
ብርድ ልብሱ የሱ ነው። እኔማ አልችለውም፤
ጨርቅ ክብደት እንዳለው ያልታመመ አያውቅም።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ያጠብኩ፣ የተኮስኩ፣
በአንድ የፊት ፎጣ ተረታሁ።

አራተኛዋ ሐኪም ፎቶ አላነሳችኝም።
«ፋይብሮማያልጂያ» አለች። አፌ አልያዘውም፤
ቢሆንም ስም ነው፤
ስም ያለውን ነገር ጠርቼ እቆጣዋለሁ።

ሁለት ነገር አዘዘች። አንዱ የክብሪት ሣጥን ያክላል፣
ሽቦው ጆሮዬን ነክሶ እንደ ጉትቻ ይንጠለጠላል፤
ጉንዳን ጉንዳን ይላል።
ከጆሮ አንገት፣ ካንገት ልብ፣ ከልብ አንጀት የሚወርድ ነርቭ አለ አሉ፤
«ጦርነት የለም፣ ግቡ» ይላል፣ ለዘቦቹ ሁሉ።
ሁለተኛው ወሬ ነው። ሐሙስ ሐሙስ፣ ከኦክሳና ጋር።
«ወሬ ደግሞ ሕመም ያሽራል?» ብዬ ስቄ ነበር።

«ሲያምሽ ለራስሽ ምን ትያለሽ?»
«ሰነፍ! አስመሳይ! ሰው ምንም የለብሽም እያለሽ!»
«ማነው እንዲህ የሚልሽ?»
ዝም አልኩ። ማሽኑ ብቻ ነዘረ።
ድምፁ የኔው ነበረ፤
ቃሉ ግን የሦስቱ፣
ከአንሶላው ጋር አጥፌ ቤት ያስገባሁት በየሌሊቱ።
ማሽኑ በጆሮዬ ይገባል፤
እኔ በጆሮዋ እገባለሁ።

የቤት ሥራ ሰጠችኝ፦ «አሥር ፎጣ እጠፊና ተቀመጪ፤
እስኪያምሽ አትጠብቂ፤ ቅደሚው።»
ማጠፉስ ቀላል ነው። መቀመጡ ነው የገደለኝ።

አልዳንኩም። ከሰባት አምስት ነው፣ በረዶ ሲከብድ ስምንት።
የትኛው እንደሠራ፣ ሽቦው ይሁን ወሬው፣ አላውቅም በውነት፤
ኦክሳናም አታውቅም።
ግን ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም፤
አንዱ በዚያ ጫፍ፣ አንዱ በዚህ ጫፍ ካልያዘ።

ትናንት ማታ ዘውዱ ሲገላበጥ
የብርድ ልብሱ ጫፍ እግሬ ላይ ወደቀ።
መቁጠር ጀመርኩ።
አሥር ደረስኩ።
አላነሳሁትም።