የዱቤ ደብተር

መገጭ በነሐሴ፣ ለቡሄ ዋዜማ፣
ሳያንኳኳ ገባ ወደኛ ከተማ።
ከወፍጮው ቤት ዱቄት፣ ከወርቂት ጓዳ ጋን፣
ከእድሩ መጋዘን የሐዘን ድንኳን
ሲጠርግ አደረና፣ ሊነጋጋ ሲል፣
አያ ጓንጉል ሱቅ ዘለቀ በጓሮው በኩል።
ሚስማሩን በትኖ፣ ሳሙናውን ትቶ፣
ከሚዛኑ ሥር ገብቶ፣
መርጦ የወሰደው፣ ልክ እንደ ባለ ዕዳ፣
የዱቤውን ደብተር ነው፤ ይዞት ወረደ ሜዳ።

ላቀው፦ ኪሎ ምስር፣ ሁለት ባትሪ ድንጋይ።
ሸጊቱ፦ የልጅ ደብተር፣ አምስት ሳሙና፣ «ለመስቀል»።
ቀሲስ ምናሉ፦ ግማሽ ሊትር ላምባ።
ታደገ፦ የፓምፕ ቤንዚን፣ «ሽንኩርቱ ሲነሣ»።
እኔም አለሁበት፣ ከታች፣ በደቃቅ ጽሕፈት።

የኛ ከተማ እኮ ክረምቱን በሙሉ
ኪሱ ባዶ ሆኖ፣ ያድራል በቃሉ።
ሽንኩርቱ ሲነቀል፣ አሸዋው ሲሸጥ ነው
በቀይ እስክሪብቶ ስም የሚሰረዘው።

ጠዋት አየነው፣ ጭቃው መሃል ቆሞ፣
ሚስማር ይለቅማል፤ አይናገር ከርሞ።
መጀመሪያ የመጣች ሸጊቱ ነበረች፤
«ሁለት መቶ አሥር፣ ከነሳሙናው» አለች።
ላቀው ተከተለ፤ ከዚያ ቀሲስ ምናሉ፤
ሦስት ዓመት ያኮረፉት እንኳ ብቅ አሉ።
ጓንጉል ካርቶን ቀዶ በከሰል ይጽፋል፤
አንዱ ዕዳውን ቢረሳ ጎረቤት ያስታውሳል፦
«ያንተማ ስኳርም አለ፣ ለልጅህ ክርስትና!»
ሳቅን፣ እዚያው ጭቃው ላይ፣ እንደ ደህና።

ተራዬ ደረሰ።
«ሦስት መቶ» አልኩ።
ሦስት መቶ ስልሳ ነበር።
ማንም አላስታወሰኝ።
ስልሳዋን በእጁ የሰጠኝ ማታ ነው፣
ለእናቴ መድኃኒት፣ ሱቁን ሊዘጋ ሲል፤
እኔ፣ እሱና ደብተሩ ብቻ።
ቀና ብሎ አየኝ።
ሦስት መቶ ጻፈ።

ወንዙም በመስከረም ሲመለስ ቦታው፣
ደብተሩን አላመጣ፤ አሸዋ ነው የተወው።
ኢሱዙ ተሰልፎ ከጎንደር መጣ፣
ላቀው አካፋውን ከጭቃ አወጣ፤
ጭነን፣ ጭነን፣ ጭነን፣
ሦስት መቶውን ከፈልኩ፤ የእድሩንም ድንኳን ገዛን።
ስልሳዋ ግን አለች።
እንደ ወንዙ አይደለችም፤ ታንኳኳለች፣ ማታ ማታ።

ትናንት ሄድኩ። የአርባ ብር ሻማ። መቶ ሰጥቼው
ልወጣ ስል፣ «መልሱን ተወው» ብለው፣
«ኧረ ወዲያ! ዝርዝር የለኝም፤ ባንተ ስም ልያዘው»
አለና፣ አዲሱን ደብተር ገልጦ፣
መነጽሩን ጠርጎ፣ ቀስ ብሎ፣
ጻፈ፦ ስልሳ ብር።

አሁን እሱ ነው ባለ ዕዳው።