ገበር

አርባ ሺህ ብር አለኝ፣ የእቁቡ ዕጣ ነው፤
ሙሄ ፊት ዘረጋሁት፣ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ሁለቴ ቆጠረው።
ደሴ፣ ከፒያሳ ቁልቁል፣ በጠባቧ ሱቁ
የሞቱ ኮምፒውተሮች ሆዳቸው ተከፍቶ
ተራ ይጠብቃሉ፣ መሞታቸውን ሳያውቁ።

የፊተኛው የኔ በዚያ ጥቅምት ሄደ፤
ማን ተሸከመው፣ በየት በኩል ወረደ፣
አልጠይቅም።
ማውሷ ብቻ ቀረች፣ አልጋ ሥር ገብታ፣
ጭራዋን ጠቅልላ፣ እንደ እውነት አይጥ ድምጿን አጥፍታ።

ወረቀቴን አውጥቼ አነበብኩለት፣
ሦስት ወር ስጽፍ ስሰርዝ የከረምኩበት፦
ፕሮሰሰር፣ ያገለገለ፣ በስምንት ሺህ ብር፤
ማዘርቦርድ በዘጠኝ፣ ብዙ ሳንከራከር፤
ራም በአምስት፣ ኤስ ኤስ ዲ ሌላ አምስት፤
ግራፊክስ ካርድ አሥራ አንድ፣ እዚህ ላይ የለም መሰሰት፣
የሰርግ ቪዲዮ ነው እንጀራዬ፣ ቬሉ ጥርት እንዲል፣
የሙሽራዋ እናት እንባ ሳይቀር ከጉንጯ ሲንከባለል።
የቀረችው ሁለት ሺህ ለፓወር ሰፕላይ ትሁን፤
ኬዙን ደግሞ ምርቃት ትጨምርልኛለህ።

ሙሄ ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ነው የሚስቀው።
የሁለት ሺዋን ሳጥን በሁለት ጣት አንጠልጥሎ "ያዢው" አለኝ።
ያዝኩት። እንደ ባዶ ጣሳ ቀለለኝ።
"ብረት ሲቀል ይዋሻል" አለ።
"እዚህ አገር መብራት ሲመለስ ደጅ አያንኳኳም፣ በሩን ገንጥሎ ነው፤
ይሄ ደግሞ ሲሞት ብቻውን አይሞትም፣ የገዛሽውን ሁሉ አስከትሎ ነው።"
ሌላ ሳጥን አወረደ። ክንዴን ጎተተው። ዘጠኝ ሺህ።

ዘጠኝ! ለጥቁር ሳጥን፣ ከሥር ተወሽቆ ለማይታይ ነገር!
ካርዱ ግን ያውና፣ ሁለት ፋኑን ገትሮ፣
የሆነ ነገር ሊለኝ እንደፈለገ ሰው ሲያየኝ ነበር።

አባቴ የመጣብኝ ያኔ ነው፤
ሰኞ ገበያ፣ ሸራ ጥላ ሥር፣ እግሩ መርገጫው ላይ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ።
ደንበኛ ሱፍ ይዞ ይመጣል፣ ውድ ሱፍ፣ በጅቡቲ የገባ፤
"ገበሩን ርካሽ አርገው ጋሽ ይመር፣ ማን ገልጦ ሊያይ፣ ማን ከውስጥ ሊገባ?"
አባቴ መርፌውን ከከንፈሩ ሳያነሳ፦
"ሱፉን ሰው ያየዋል፤ ላብህን የሚችል ገበሩ ነው።
እሱ የተበሳ ለታ ኮት የለህም፣ ጨርቅ ነው ያንጠለጠልከው።"
ስንቱ በዚህ ነገር ሱፉን አጣጥፎ ወደ ጎረቤት ሄደ!
እናቴም ታመራለች፦ "በሰው ገበር የኛ ጓዳ ተቀደደ።"

እና ካርዱን መለስኩት።
ዘጠኙን ከፈልኩ፤ በተረፈችው አራት ሺህ ስታቢላይዘር ጨመርኩበት።
"ኬዙስ?" አልኩት።
"ሽንኩርት መሰለሽ እንዴ፣ ምርቃት የምልበት!"

ይኸው አሁን ቤቴ፣ የአባቴ ሲንገር ጠረጴዛ ላይ፣
ራሱ ለሕክምናው ተሸጦ እግሩ ብቻ የቀረው፣
የልብስ ሰፊ ልጅ ኮምፒውተሬ ራቁቱን ተሰጥቷል፤
ሽቦው፣ ፋኑ፣ አረንጓዴ ገላው ላለፈ ላገደመ ይታያል።
ገበር አለው፣ ኮት የለውም።
ማታ ሳጠፋው ከአባቴ የሳቲን ቁርጥራጭ አለብሰዋለሁ፣ አቧራ እንዳይገባው።

ትናንት መብራት ሦስቴ ሄዶ መጣ፤
የወይዘሮ ወርቄ ፍሪጅ ጢሱ በመስኮት ወጣ።
የኔ ጠፋ፣ ተነሳ። ጠፋ፣ ተነሳ። ጠፋና
ትንሽ አሰበ፤ ተነሳ።

ካርድ የለውምና ቪዲዮው እንደ ጭነት በቅሎ ነው የሚጓዝ፤
የዘሐራ ሰርግ ከመግሪብ ጀምሮ ሲፈጭ፣
ይኸው ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆነ፣
ሙሽራዋ ከመኪናው በር አንድ እግሯን አውጥታ
አርባ ሁለት ከመቶ ላይ ቆማለች።