የኤርሲሊያ ወንበር

ከአርባ ሜትር ላይ፣ ከክሬኑ ማማ፣
ሰው ጉንዳን ያክላል፣ ድምፁም አይሰማ።
በጄኖቫ ወደብ፣ በየካቲት ማለዳ፣
ባሕሩ ተቆጥቶ ግንቡን ሲጎዳ፣
አንዲት ነጥብ አየሁ ከዋናው በር ጥግ፣
የማትገፋ፣ የማትጮህ፣ የማታፈገፍግ።

በመነጽሬ ሳያት ኤርሲሊያ ነበረች፣
የባልዳሳሬ ሚስት፣ ወንበር እየጠገነች
ሦስት ልጅ ያሳደገች፣ ሁለቱን የቀበረች።
መነኩሲት አይደለች፣ ቆብ አልደፋችም፤
ስብከት አታውቅም፣ መቅደስ አትገባም፤
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከሰበካው ምድር ቤት
ሾርባ ታድላለች፤ ጨው ይበዛበታል እንጂ ደግ ሰው ናት።
ዶን ፋውስቶ «ለጳጳሱ እንጻፍ» ሲል መክሯት ነበር፤
«ይጻፍ፤ እኔ ግን ተጠምቄያለሁ» ብላ ወጣች ከበር።

መርከቡ ሊጭን ነው። ሳጥኖቹን አውቃለሁ፤
ወረቀቱ «መለዋወጫ» ሲል አይቻለሁ።
የምን መለዋወጫ? ማንም አይጠይቅም፤
ጠይቆ የቤት ኪራይ የሚከፍል የለም።
ሳጥኑ ከሚወርድበት፣ ከዚያ ማዶ አገር፣
እንደኔ ጫማውን በጨለማ የሚያስር፣
ልጁ እንዳይነቃ በጣቱ የሚሄድ ሰው እንዳለ
ልቤ ያውቅ ነበር።
እጄ ማንሻውን ሳበ፤ ሳጥኑም ተንጠለጠለ።

«ሲኞራ፣ ይነሱ» አለ ፖሊሱ፣ «መንገድ ዘግተዋል።»
«እኔ አንድ ወንበር ነኝ፤ የዘጋውስ ያ መርከብ ይመስለኛል።»
መቁጠሪያዋ ላይ ጣቷ ቀስ እያለ
ቁጭ አለች በቁጭት፤ ቀኑም እንዲያው ዋለ።
በማግስቱ ዝናብ ነበር። በሦስተኛው ቀን በረዶ ቀላቀለ።

እኔ አልወረድኩም። ይህን መናገር አለብኝ።
ምሳዬን እላይ በላሁ፤ ዳቦው ጉሮሮዬን ሲይዘኝ
ውኃ ጠጣሁበት።
በአራተኛው ቀን ወረድኩ፤ ጀግንነት አይደለም፣ ሽንቴ ወጥሮኝ ነው።
በአጠገቧ ሳልፍ ቀና ብላ አየችኝ።
«ኦታቪዮ፣ የእናትህ ወንበር፣ ያ እግሩ የላላው፣
እንዴት ሆነ?» አለችኝ።
ስለ መርከብ ሳይሆን። ስለ ጦርነትም ሳይሆን።
ልመለስ መሰላሉን ያዝኩ፤
እግሬ አልወጣ አለኝ።

መርከቡ ሄደ፣ አልዋሽም። በሌላ ወደብ ጫነ፣
በሌላ ሰው እጅ፤ ያም እንደኔ ኪራይ ያለበት እየሆነ።
እሷም ከወንበር ፊት ቀረበች፤ ወንበሯም አብሮ ተከሰሰ፣
ቁጥር ታስሮበት ኤግዚቢት ክፍል ተወረሰ።
ወንበር በወንበር ፈረደ፤
ባለአራት እግሩ ታሰረ፣ ባለመዶሻው ወደ ምሳው ሄደ።
«ሌላ ጊዜስ?» ብሏት ነበር ዳኛው፣ መነጽሩን እያወለቀ።
«ሌላ ጊዜማ ትራስ እይዛለሁ፤ ያ ወንበር ይቆረቁራል» ስትል
የችሎቱ ጸሐፊ ሳቀ።

ዛሬ ሌሊት ሌላ መርከብ መልሕቁን ጥሏል።
ከወጥ ቤት አንዱን ወንበር በትከሻዬ ተሸክሜ ስወጣ
ቪዮላንቴ በሌሊት ልብሷ ከመኝታ ቤት መጣች።
«እራት ላይ በምን ልንቀመጥ ነው?» አለች።
መልስ አልነበረኝም።
ደረጃው ጠባብ ነው፤ የወንበሩ እግር ከግድግዳው ተጋጨ፣
ከታች ያለው ጎረቤት ነቃ።