መቀሱ ያልወጣበት ዓመት

ጌንት ዝናብ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ፣
የራሰ ጃንጥላ ከደጃፉ ትቼ፣
ወይዘሮ ጎደሊቭ ክዳኑን ፈልቅቀው
የብስኩት ቆርቆሮ ከፊቴ ዘርግፈው፦
«ልሽጠው ወይ ልያዝ? ሂሳብ ያውቃል ቢሉኝ ነው የጠራሁህ፤
አታባብለኝ ታዲያ፤ እውነቱን ንገረኝ፣ አደራህ።»

አርባ ዓመት ተኝቷል በቆርቆሮው ሆድ፦
የሃኔካርት ተልባ ፈትል ፋብሪካ አክሲዮን፣
ጠርዙ በመቀስ የተበላ፣
በየግንቦቱ አንዲት ኩፖን፣ አንዲት ኩፖን፣
ባንክ ሄዳ ፍራንክ ሆና የምትገባ።
መቀሱም አብሮ አለ፣ የልብስ ሰፊ መቀስ፣
ከዚያች ቀን በቀር ከእንቅልፉ የማይቀሰቀስ።

ከሥሩ ደብተር። የባላቸው የኦዲሎን።
ማሽን ጠጋኝ ነበር፣ እዚያው ፋብሪካ፣
የዓመት ጉርሻውን አክሲዮን የሚገዛበት፣
እጁን በጋዝ ታጥቦ፣ ቁጥር የሚጽፍበት
በእርሳስ፣ ቀጥ አድርጎ፣ ሰልፍ እንደሚያሰልፍ።

የኩባንያው መጽሔት ወረቀቱ ወፍራም፣
«ሃያ ዘጠኝ ዓመት፣ ቀንሰን አናውቅም!»
ከፍ እያለ የሚሄድ መሰላል ሥለዋል፣
ላዩ ላይ ሊቀ መንበሩ ፈገግ ብለዋል።

እኔም የማውቀውን ሠራሁ።
ግሽበቱን ቀነስኩ፣ ፍራንኩን ወደ ዩሮ መለስኩ፣
የተከፈለውን ከአክሲዮኑ ዋጋ ጋር ደመርኩ።
በቀኝ የሰጡትን በግራ ወስደዋል፤
መቶ የነበረው ሠላሳ ላይ ወርዷል።
መቶኛ አይዋሽም ይላሉ። አዎ፤
የምን መቶኛ እንደሆነ ግን ካልጠየቁት አይናገርም።

ከዚያ ደብተሩን ከመጽሔቱ ጎን አኖርኩት።

ሰማንያ ዘጠኝ። መጽሔቱ፦ ክፍያው አደገ በአሥር በመቶ።
ኦዲሎን፦ «ቁጥር ሦስት ዘይት ይለምናል፤ የሚሰማው አጥቶ።»
ዘጠና አንድ። መጽሔቱ፦ ለባለአክሲዮኖች ልዩ ስጦታ።
ኦዲሎን፦ «የቦዩ ዳሩን መጋዘን ሸጡት። ተልባው ውጭ አደረ፣ ማታ።»
ዘጠና አራት። በአንድ አክሲዮን ስልሳ ፍራንክ አትርፈው
ሰማንያ አምስት ከፈሉ፣ በሰልፈኛ ባንድ አሳጅበው።
ሃያ አምስቱ ከየት መጣ?
ኦዲሎን፦ «ቁጥር ሦስት ቆመ።»
ሌላ ምንም አልጻፈም በዚያ ገጽ።

እኛ ዘንድ ተልባ ሲባል ዘሩ ነው፤ እዚህ አገር ግንዱ።
ዘሩን የበላ ሰው ግን፣ በየትም ምድር አንድ ነው ጉዱ።

«ስብሰባው ላይ አንድ ሁለቴ ጮኸናል እኮ» አሉኝ፣ አንገታቸውን ሰብቀው።
ዝም አልኩ። ሰባ በመቶው ባንድ ቤተሰብ እጅ ነው።
ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ፤ ይህን በፍላማንኛ
እንዴት እንደምልላቸው አላውቅም፤ ሳይገባቸው አይቀርም ግን፤ ሣቁ።

ወደ ኋላ ገለጥኩ። ሰባ አምስት።
ባዶ። የኩፖን ቁጥር የለም፤ መቀሱ አልወጣም።
መጽሔቱ ያንን ዓመት አያነሳውም፤ ቆጠራው የሚጀምር ከማግስቱ ነው።
ኦዲሎን ግን ገጹን ሞልቶታል፦

«ዘንድሮ ምንም አልሰጡንም። ሰው ሁሉ ተቆጥቷል።
ጎደሊቭም ተቆጥታለች፣ የምድጃው ነገር ቀርቷልና።
አዲስ ማሽን ገዙ፣ ከዌስትፋሊያ፣ በሁለት መኪና መጣ።
ቁጥር ሦስት ብለነዋል።
ድምፁ ያምራል።»

ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የመጨረሻዋን ቃል ሁለቴ አስደገሙኝ።
ዝናቡ ቆሟል መሰለኝ፤ ወይም አልሰማሁትም።

«እና?» አሉ በመጨረሻ።
«ይሽጡት» አልኩ። «ከዚህ በኋላ የሚከፍሉት ከራሱ ከእርስዎ ላይ ቆርጠው ነው።»
«ሽጥልኝ። ሁሉንም።»

ከዚያ መቀሱን አነሱ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣
የሰባ አምስትን ገጽ ከደብተሩ ቆረጡ፤
መስመሩ ጠመመ፣ ጠርዙ ተፋፋቀ፤
አጥፈው ከቦርሳቸው ከተቱት፣
ከትራም ቲኬቱና ከፋርማሲው ደረሰኝ መሃል።
«ያን ምድጃ» አሉ፣ «ዓመቱን ሙሉ ነዘነዝኩት።»